መቼ ጀመረ? በኦቾሎ ዱቡሻ የሚነበብ የዶክተር ኢሳያስ ኦይታ ሕይወት

ዶክተር ኢሳያስ ኦይታ ከአባታቸው ከአቶ ኦይታ ካንኮ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አበቡ ዛራ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. እዚሁ ኦቾሎ ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው «የገበያ ቀን ነበር» ከማለት አልፈው አያውቁትም። በትምህርት ማስረጃቸው ላይ የሰፈረውን ጥቅምት 1 የሰጣቸው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ የሰጠውም ያንኑ ቀን ነው።

ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላቸው ነበሩ። ምግብ የሚበሉት ቆመው፣ የሚያጠኑት እየተመላለሱ ነበር። እናታቸው «ይህ ልጅ የሚቀመጠው ሲታመም ብቻ ነው» ይሉ እንደነበር ታላቅ ወንድማቸው አቶ አጵሎስ ያስታውሳሉ። ይህ አባባል ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚያስፈልገን እዚህ ላይ ተመዝግቧል።

አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ልጃቸው ቀዶ ሐኪም ሲሆኑ የአገሩ ሰው «እጁ ከአባቱ የወረሰው ነው» ቢልም ዶክተር ኢሳያስ ግን ይህን አይቀበሉም ነበር። «የአባቴ ክር ቢበጠስ ይቋጠራል። ደግሞም አይደማም» ይሉ ነበር። አባትየውም ቢሆኑ በልጃቸው ስፌት ብዙ አይመኩም። አንድ ጊዜ እንቅርት የወጣላቸውን ጎረቤት ጠባሳ ብርሃን ላይ አውጥተው ካዩ በኋላ «ቀጥ አላለም» ብለዋል። ልጃቸው ጠባሳው እንዳይታይ የአንገቱን እጥፋት ተከትለው ሆን ብለው እንደቆረጡ አስረዷቸው። «እኔም ሲጣመምብኝ እንደዚያ ነው የምለው» አሉ አቶ ኦይታ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚህ ኦቾሎ፣ ሁለተኛ ደረጃን አርባ ምንጭ ከተማ ሴቻ ከዘመድ ቤት ሆነው አጠናቀቁ። በ1976 ዓ.ም. ጎንደር ሄደው ሕክምና ተማሩ። በ1983 ዓ.ም. ተመርቀው የመጀመሪያ ምድባቸው ገረሴ ጤና ጣቢያ ሆነ።

ገረሴ ሲደርሱ ያገኟቸው ሕመምተኞች ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ድረስ ተከናንበው የሚመጡ ነበሩ። ብርድ ነው ብለው አሰቡ። በኋላ ጋቢው ሲገለጥ ከሥሩ እብጠት፣ ከእብጠቱም ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት መኖሩን አዩ። «መቼ ጀመረ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ድንች የሚያህል እብጠት አንገቱ ላይ ያለ ሰው «ሁለት ሳምንት ይሆነዋል» ይላል። ሰው ይህን የሚለው ለምን እስካሁን ቆየህ ብለው እንዳይቆጡት ነው።

ለሐኪም ግን ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ለብዙ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ እብጠት አንድ ነገር ነው፤ ኖሮ ኖሮ በቅርቡ መጠንከርና ማደግ የጀመረ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዶክተር ኢሳያስ «እጄ ግማሹን ይነግረኛል። ግማሹን ሕመምተኛው ካልነገረኝ ጨለማ ውስጥ ነው የምቆርጠው» ይሉ ነበር።

መፍትሔውን ያገኙት በዕረፍታቸው ወደዚህ ሲመጡ ነው። ገረሴ ጤና ጣቢያ መጥተው «ሁለት ሳምንት» ያሉ አንድ አዛውንት እዚህ ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎቻችን ነገር በሚያዩበትና ሰው ውሸት በማይናገርበት በዚህ ሜዳ ቆመው አገኟቸው። እግረ መንገዳቸውን «አባ፣ ያ እብጠት መቼ ነበር የጀመረው?» ብለው ጠየቁ። አዛውንቱ ግራ ቀኝ አዩ። እግራቸው ያለበትንም ቦታ አዩ። ከዚያም «የመጨረሻ ልጄ ስትዳር ነበር» አሉ። ያቺ ልጅ በዚያን ጊዜ የልጆች እናት ነበረች።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ኢሳያስ ወደ ኦቾሎ በመጡ ቁጥር ዱቡሻው ጠርዝ ላይ ጠረጴዛ ይዘረጉ ጀመር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሰው አንገት ዱቡሻ ላይ መዳሰስ ይገባል ወይ ብለው ተነጋገሩበት። አንዱ ካንዱ እየተቀበለ ከተናገረ በኋላ «አንድ ጥያቄ ብቻ ከሆነ የሚጠይቀው፣ ይጠይቅ» ተብሎ ተፈቀደ። እሳቸውም ከዚያች ጥያቄ አልወጡም።

በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ አገርነሽ ፈቃደ ጋር ትዳር መሠረቱ። ወ/ሮ አገርነሽ በአርባ ምንጭ የባዮሎጂ መምህርት ሲሆኑ አባታቸው አቶ ፈቃደ በመንግሥት ሥራ ከደብረ ብርሃን መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። ዶክተሩ ለትውውቅ በመጡበት ቀን እጅ ከመጨበጥ ይልቅ እንደ ልማዳቸው የልጅቱን አንገት ከመንጋጋዋ ሥር ዳሰስ አደረጉ። አቶ ፈቃደ ይህን አይተው ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቁ። «ጤነኛ ናት» አሉ ዶክተሩ። «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉ አቶ ፈቃደ። ጋብቻው በሰላም ተፈጸመ። ከዚህም ጋብቻ ወንድ ልጃቸውን ፋኑኤልንና ሴት ልጃቸውን አቢጋኤልን አፍርተዋል።

ከ1989 እስከ 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊቲ ተማሩ። በኋላም በ2002 ዓ.ም. ሕንድ አገር ሄደው ለአንድ ዓመት በራስና በአንገት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ። ሁለቴም አዲስ አበባ እንዲቀሩ ተለምነዋል። «አዲስ አበባ ያለው አንገት የሚያየው ሰው አለው» ብለው ተመለሱ።

አርባ ምንጭ ከገቡ በኋላ ከእሳቸው ጋር ሰርግ መሄድ ለቤተሰቡ ፈተና ሆነ። ሙሽራ አያዩም፤ አንገት ነው የሚያዩት። የሚያውቋቸው ሰዎች እሳቸው ሲገቡ ጋቢያቸውን ከፍ፣ ነጠላቸውን ጠበቅ ያደርጉ ነበር። አንድ ጊዜ ከነልጆቻቸው ከምዕራብ ዓባያ ዓሣ ገዝተው ሲመለሱ መንገድ ዳር የምትሄድ ሴት ከጆሮዋ ሥር እብጠት አዩና መኪናውን አቆሙ። እዚያ ቦታ ላይ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በምራቅ ዕጢው መካከል ስለሚያልፍ አስቀድሞ የፊቷን እንቅስቃሴ ማየት ነበረባቸው። ስለዚህ ከመኪና ወርደው፣ ስማቸውን እንኳ ሳይናገሩ፣ «እስቲ ፈገግ በይ» አሏት። ባሏ በትር አነሣ። ወ/ሮ አገርነሽ ከመኪናው ወርደው ነገሩን እስኪያስረዱ፣ ባልየው እስኪያምን፣ ሴትየዋ ፈገግ እስክትል፣ ጉንጯን እስክትነፋና ዓይኗን እስክትጨፍን ጊዜው ሄደ። እብጠቱ በኋላ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ያቺ ሴት፣ ወ/ሮ ልክነሽ፣ ዛሬ እዚህ መካከላችን አሉ፤ ፈገግታቸውም በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ዓሣው ግን ያን ቀን ተጣለ።

በከተማችን የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ በቃላቸው የሚይዙት አንድ ንግግር ነበራቸው። «ሦስት ሳምንት ያለፈ መጎርነን ጉንፋን አይደለም።» በሬዲዮ ተናግረውታል፣ በቤተ ክርስቲያን ተናግረውታል፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ድንኳን ኪራይ ሲወራ ተነሥተው ተናግረውታል።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «በድንገት ባደረባቸው ሕመም» የሚለው ቦታ ሲደርስ ዶክተር ኢሳያስ ከወንበራቸው ይነሡና ድንኳኑን ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ከአቶ አጵሎስ አጠገብ ቆመው «ድንገት? ለእኔ እኮ ዱቡሻ ላይ አራት ዓመት ነው ያለኝ» አሉ።

«ዝም በል፣ እየተነበበ ነው» አሉ አቶ አጵሎስ።

«እሱ ነው ያስቸገረኝ። ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ ነገ በድንገት ሊሞት ነው።»

በ2009 ዓ.ም. ከታከሙት ሰዎች መካከል የምዕራብ ዓባያዋ የሙዝ ነጋዴ ወ/ሮ በለጥሽ ይገኙበታል። የጉሮሮ ካንሰራቸው ከፍቶ ስለነበር ከነድምፅ ሳጥናቸው መውጣት ነበረበት። ከዚያ በኋላ አንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ ይበላሉ፣ ይሠራሉ፤ አይናገሩም። ወ/ሮ በለጥሽ ይህን ሰምተው «ድምፄን ወስደህ ምን ታደርግበታለህ?» አሉ።

«እኔ አልፈልገውም። የሚፈልገው በሽታው ነው፤ አንቺን ጨምሮ።»

ወ/ሮ በለጥሽ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እሱ ብቻውን ይውሰደው» አሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። ከእሳቸው ሙዝ የሚረከቡ ሰዎች ከበፊቱ ይልቅ አሁን አስቸጋሪ ነጋዴ እንደሆኑ ይናገራሉ። በጣታቸው ዋጋ ያሳያሉ፤ የሚከራከራቸው ሰው ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በ2015 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ቤተሰቡ ሁሉ እዚህ ኦቾሎ ተሰብስቦ ነበር። ዶክተር ኢሳያስ ዘፈኑንም ጨዋታውንም መርተው ወደ አርባ ምንጭ ሲመለሱ ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር። የመስቀል ነው አሉ። መስቀል አልፎ ገና መጣ፤ ድምፃቸው አልተመለሰም። አቧራ ነው አሉ። ወ/ሮ አገርነሽ የእሳቸውን ንግግር ለእሳቸው ነገሯቸው፤ «ሦስት ሳምንት ያለፈ መጎርነን» ብለው ጀመሩ።

«አለርጂ ነው» አሉ ዶክተሩ።

«የምን?»

«የጥያቄ።»

በዚያ ወቅት ከቀድሞው ይበልጥ ሠሩ። ጠዋት ቀዶ ሕክምና፣ ከሰዓት ትምህርት፣ ቅዳሜ ገረሴ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እዚህ ጠረጴዛው ላይ። «መቼ ጀመረ?» የምትለዋ ጥያቄ እየሻከረች ብትሄድም መጠየቃቸውን አላቆሙም። ራሳቸው ግን ዱቡሻው ጠርዝ ላይ ከተተከለው ጠረጴዛ አልፈው ወደ ሜዳው አንድ እርምጃ አልገቡም ነበር። ይህን ያስተዋልነው በኋላ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ወ/ሮ አገርነሽ የባለቤታቸው ተማሪ ወደነበሩት ወደ ዶክተር ማዕዶት የአብስራ ይዘዋቸው ሄዱ። ዶክተር ኢሳያስ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ «ክፉ ወሬ ስትነግሩ ተቀመጡ፣ ሕመምተኛውንም አስቀምጡ፣ እጃችሁ የበር እጀታ ላይ አይሁን» ብለው ያስተምሩ ነበርና ዶክተር ማዕዶት በመጀመሪያ አስቀመጧቸው። ከዚያም ጠየቋቸው።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል» አሉ ዶክተር ኢሳያስ።

ወ/ሮ አገርነሽ ከጀርባቸው ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዶክተር ማዕዶት የሚጽፉበትን ብዕር አስቀምጠው «ዶክተር፣ ኦቾሎ ልውሰድዎት?» አሉ።

ዶክተር ኢሳያስ ለምርመራው አፋቸውን ከፈቱ።

በካሜራ ሲታይ ግራው የድምፅ ጅማት ላይ ዕጢ ነበር፤ ጅማቱም መንቀሳቀስ አቁሟል። ናሙናው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። ዶክተር ማዕዶት እንደተማሩት ሳይደብቁ ነገሯቸው። በመስቀል መጥተው ቢሆን በጨረር ብቻ ሊድን፣ ድምፃቸውም ሊተርፍ ይችል ነበር። አሁን የቀረው ወ/ሮ በለጥሽ ያለፉበት መንገድ ነው። ዶክተር ኢሳያስ ተነሥተው ክፍሉን ዞሩና «ላስብበት» አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከሕመምተኛ ሲሰሙ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ሲያስቡ ግንቦት አለፈ፤ ሰኔም አለፈ። ከአዲስ አበባ በቀር ያልሄዱበት ቦታ የለም። ልጃቸው አቢጋኤል ለምናቸዋለች፤ ፋኑኤል ትኬት ቆርጦ ነበር፤ አቶ አጵሎስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንደመሆናቸው ከምእመናኑ ጋር ጸልየውላቸዋል። ዶክተሩ «አሜን» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

በሐምሌ ወር ወ/ሮ በለጥሽ ከምዕራብ ዓባያ መጡ። ማን እንደነገራቸው እስካሁን አልታወቀም፤ ወ/ሮ አገርነሽን ብንጠይቃቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እንግዳዋ በረንዳው ላይ ከዶክተሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የአንገት ልብሳቸውን ፈቱና ቀዳዳውን አሳዩ። ከዘንቢላቸው ሙዝ አውጥተው ልጠው፣ ሳይቸኩሉ፣ ዓይናቸውን ከዶክተሩ ሳይነቅሉ በሉ። ሲጨርሱ ሌላ ሙዝ ልጠው ለዶክተሩ ሰጧቸው። ዶክተር ኢሳያስ በዚያን ሰሞን መዋጥ ያስቸግራቸው ጀምሮ ስለነበር ሙዙን ይዘው ቆዩ። ወ/ሮ በለጥሽ በጣታቸው የዶክተሩን ጉሮሮ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ሙዙን አመለከቱ። ከዚያም ዋጋ እንደቆረጡ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይህቺ ሴትዮ ድሮ ስትናገር ይሻል ነበር» አሉ ዶክተሩ። በማግስቱ ትኬቱ እንደገና ተቆረጠ።

ቀዶ ሕክምናው በዚያው ሐምሌ አዲስ አበባ ተደረገ፤ ከቀዶ ሐኪሞቹ አንዷ ዶክተር ማዕዶት እንዲሆኑ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት የመጨረሻ ንግግራቸው ምን እንደነበር ብዙ ሰው ይጠይቀናል። «እጥፋቱን ተከተዪ» ነው ያሉት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሰጣቸውን የጨረር ሕክምና ጨርሰው ተመልሰው ሥራ ገቡ። ቀዶ ሕክምናውን ለዶክተር ማዕዶት ትተው ሕመምተኛ በማየት ቀጠሉ። ድምፅ የሚሰጠውን በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ሞክረው ድምፁን ስላልወደዱት መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ በከንፈራቸው ይናገሩ፣ ሲያስፈልግ ጠረጴዛ ይመቱ ነበር። አንድ አዲስ ሕመምተኛ ነርሱን አቶ ይፍሩን «ዶክተሩ ተቆጥተው ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ገና ናቸው» አሉ አቶ ይፍሩ። በቤታቸውም ወ/ሮ አገርነሽ የባለቤታቸውን ከንፈር እንደ መጽሐፍ ማንበብ ቻሉ። ያልወደዱት ነገር ሲነገራቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ዶክተሩ ዞረው በሌላ በኩል ይመጣሉ።

በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት ዶክተር ኢሳያስ በረንዳው ላይ ወጥተው ያለ ምንም ምክንያት ተቀመጡ። ወ/ሮ አገርነሽ ይህን አይተው ሻይ ሊያቀርቡ አልሄዱም፤ ወዲያው ለዶክተር ማዕዶት ደወሉ። ሕመሙ ወደ ሳንባቸው ተሻግሮ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ቤተሰባቸውን ሰብስበው ስለዚህ ጽሑፍ በከንፈራቸው ተናገሩ። «ባደረባቸው ሕመም» እንዳይባል፤ የበሽታው ስም እንዲጠራ፤ መቼ እንደጀመረና ምን ያህል እንደቆዩ እንዲነገር፤ ንባቡም ዱቡሻ ላይ እንዲሆን። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አረፉ።

ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ በዚህ ጉዳይ አልተስማማም። አቶ አጵሎስ «ሐኪም ነው። የራሱን ሳያውቅ ቀረ ይባላል፣ አውቆም ተወ ይባላል፤ ሁለቱም ያሳፍራል። እንደ ሰው 'በሕክምና ሲረዱ ቆይተው' ይባልና ይለፍ» አሉ። ቀጥለውም ከንፈር በትክክል ላይነበብ እንደሚችል ተናገሩ።

ወ/ሮ አገርነሽ «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው ሲለኝ ስኳር አምጥቼለት አላውቅም» አሉ። «ዱቡሻ ለምን እንዳለ ደግሞ አንተም ታውቃለህ።»

አቶ አጵሎስ ተነሡ። ወንድማቸው እንደሚያደርጉት ድንኳኑን ዞሩ። ሲመለሱ «እንግዲያው ሌላ ሰው አያነብበውም። እኔ ነኝ የማነብበው» አሉ። አሁን የምትሰሙት ድምፅ የእሳቸው ነው።

ስለዚህ በዚህ ቦታ ቆመን እንናገራለን። የወንድማችን የዶክተር ኢሳያስ ኦይታ ሕመም የጉሮሮ ካንሰር ነበር። የጀመረው በመስቀል 2015 ዓ.ም. ነው። ሦስት ሳምንት ሲያልፈው ምን ሊሆን እንደሚችል ከሁላችንም በፊት ያውቁ ነበር፤ ፈርተው እስከ ፋሲካ ሳይታዩ ቆዩ። ከታወቀም በኋላ እስከ ሐምሌ ቆዩ። ድንገት አልነበረም። እሳቸው ፈርተው ከዘገዩ ሌላው ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ግን የእሳቸውን ያህል ሳይቆይ ይምጣ።

ዶክተር ኢሳያስ ባለቤታቸውን ወ/ሮ አገርነሽ ፈቃደን፣ ልጆቻቸውን ፋኑኤልንና አቢጋኤልን፣ ወንድማቸውን አቶ አጵሎስን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ እንዲሁም ከገረሴ እስከ ምዕራብ ዓባያ አንገታቸው ላይ ቀጥ ያላለ ጠባሳ ያለባቸውን ብዙ ሰዎች ትተው አልፈዋል። ለሁላችሁም መጽናናትን እንለምናለን።

ከቀብሩ መልስ ጠረጴዛው በቦታው፣ ዱቡሻው ጠርዝ ላይ ይሆናል። ዶክተር ማዕዶትና አቶ ይፍሩ እዚያ አሉ። ጋቢያችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ቅረቡ። የምትጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የቆማችሁበትንም ቦታ ታውቃላችሁ።

በምድር ላይ መቀመጥ ያልሆነላቸውን ወንድማችንን ጌታ በአጠገቡ ያስቀምጥልን፤ ቢነሡበትም አይቆጣቸው። አሜን።